«ሸፈተ»፦ መውጫም መግቢያም ስላለው አንድ ቃል



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ግሥ ነው፤ ግሡም «ሸፈተ» ነው። የታሪክ መምህር ስለ ግሥ ሊያወራ መነሣቱ የቋንቋ ክፍል ባልደረቦቼን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዚህች አገር ሥልጣንን አልቀበልም ያለ ሰው ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበረ በቅጡ ሳናውቅ ሰነዶቻችንን በቅጡ ማንበብ አንችልም። ዜና መዋዕሉ፣ ደብዳቤው፣ የፖሊሱ ሪፖርት፣ የውጭ አገር ቆንስል ማስታወሻ፣ የሬዲዮው መግለጫ፣ ሁሉም ለእምቢተኛው ስም ይሰጣሉ። ስም ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ባለሥልጣኑ ነው። «ሸፈተ» ግን ባለሥልጣኑም፣ ጎረቤቱም፣ የሸፈተውም ሰው ራሱ የሚጋሩት ቃል በመሆኑ ከብጤዎቹ ይለያል። «ሸፍቻለሁ» ብሎ ስለ ራሱ በኩራትም ሆነ በምሬት የሚናገር ሰው አለ። «ወንብጃለሁ» የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

በአማርኛ ሥልጣንን መገዳደርን የሚገልጹ ቃላት ጥቂት አይደሉም። «እምቢ» አለ፤ የአፍ ቃል ነው፣ ከልጅ አንሥቶ እስከ መኰንን ሁሉም ይለዋል። «አሻፈረኝ» አለ፤ እምቢታው ላይ ትከሻ መነቅነቅ የተጨመረበት ነው። ከሁሉም ይልቅ ግን የታሪክ ተማሪን ሊያስደንቅ የሚገባው «ዐመፀ» የሚለው ነው። በግእዝ «ዐመፃ» ማለት ግፍ፣ በደል፣ ፍርድ ማጓደል ማለት ነው። በመጻሕፍት «ዐመፀኛ» የሚባለው በመጀመሪያ ግፈኛው ነው፤ ድኻ የሚበድል ዳኛ ዐመፀኛ ነው፤ ንጉሥም ዐመፃ ሊሠራ ይችላል። በዘመናዊው አማርኛ ግን «አመፅ» የተገዢው ሥራ ሆኗል። ቃሉ ከዙፋኑ ወርዶ አደባባይ ላይ ከቆመው ሕዝብ ትከሻ ላይ ዐርፏል። ግፈኛውን ይወቅስ የነበረ ቃል ግፍ በቃኝ ያለውን ሰው መክሰሻ ሲሆን በመካከሉ ምን ዓይነት የፖለቲካ ታሪክ እንዳለፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋልና ዛሬ አልገባበትም። ለንጽጽር ብቻ በአእምሯችሁ ያዙት።

ወደ «ሸፈተ» ልመለስ። ቃሉን ከሌብነት ቃላት ለይተን ማየት ይገባናል። አማርኛ በዚህ ረገድ ስስታም አይደለም። ሌባው በሥውር ይሰርቃል፤ ቀማኛው በግልጽ ይነጥቃል፤ ወሮበላው ያለ ሥራ እየዞረ ሰው ያስቸግራል፤ ወንበዴው በቡድንና በመሣሪያ ይዘርፋል። እነዚህ ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከሚሠሩት ሥራ ነው። ሽፍታ ግን ስሙን ያገኘው ከሥራው ሳይሆን ከሄደበት ነው፤ ከቤቱ፣ ከርስቱ፣ ከአለቃው፣ ከዳኛው ተለይቶ «ዱር ቤቴ» ብሏል። ዱር ከገባ በኋላ ይዘርፋል ወይስ አይዘርፍም የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ «ይዘርፋል» ነው፤ በዚህ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ዝርፊያው አይደለም፤ ከሥልጣን ጋር የነበረው ግንኙነት ስለ መቋረጡ ነው።

ይህንን የሚያጠነክርልን ቃሉ ከፖለቲካ ውጭ ያለው አገባብ ነው። «ልቡ ሸፈተ» እንላለን። ባለትዳር ወደ ሌላ ሲያይ፣ ተማሪ ከትምህርቱ ሐሳቡ ሲርቅ፣ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ሊለቅ ሲያስብ ልቡ ሸፍቷል። ሰውየው ገና እዚያው ነው፤ ልቡ ግን ወጥቷል። ደግሞም «ልብ የሚያሸፍት ውበት» እንላለን፤ እዚህ ላይ የሸፈተው ሰው ብቻ ሳይሆን ያሸፈተውም ነገር ይቆጠራል። «አሸፈተ» የሚለው አስደራጊ ግሥ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። «ምን አሸፈተው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም «ዳኛው ርስቱን ነጥቆ ለሌላ ፈረደበት» ወይም «ሹሙ በሕዝብ ፊት አዋረደው» ወይም «የአባቱ ደም ሳይመለስ ቀረ» ሊሆን ይችላል። አሁን ከ«ዐመፀ» ጋር አነጻጽሩት። የዚያኛው አስደራጊ «አሳመፀ» ነው፤ ያሳመፀውም አብዛኛውን ጊዜ ቀስቃሹ እንጂ በዳዩ አይደለም። «ሕዝብ አሳምፀሃል» የክስ ቃል ነው። «አሸፈትከው» ግን ወደ ሹሙ የሚወረወር ወቀሳ ነው። የ«ወንበዴ» ዘር ደግሞ ይባስ ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ «አወናበደ» ማለት ማታለል፣ ማምታታት ነው። ከሦስቱ ቃላት በደልን በውስጡ አምቆ የሚይዘው፣ «ማን ነው እዚህ ያደረሰው?» የሚለውን ጥያቄ የማይዘጋው፣ «ሸፈተ» ብቻ ነው።

ይህ እንዲያው የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። የቀድሞው የፍትሕ ሥርዓት በዚህ ቃል ላይ የተደገፈበት መንገድ ነበረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ብዙ ጊዜም የተገዢነት ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል። እኔ ግን የሕግ ችግር አድርጌ አነበዋለሁ። የሚከሰሰውማ አለ፤ ከጭቃ ሹም ወደ ምስለኔ፣ ከምስለኔ ወደ አገረ ገዢ፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ በይግባኝ ይወጣል። አቤቱታ የማቅረብ ባህሉ የጠለቀ ነበረ፤ በርስት ክርክር ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች በየቤተ ሰባችን አሉ። ታዲያ ይግባኙ ሲያልቅስ? በዳዩ የመጨረሻው ዳኛ ሲሆንስ? የማይከሰስ ንጉሥ ያለበት ሥርዓት ለተበደለ መሣሪያ ታጣቂ የሚተውለት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መሸፈት ነው። ስለዚህ ሽፍትነትን ከሕግ ውጭ መሆን ብቻ አድርጎ መተርጎም ይጎድላል። መሣሪያ የታጠቀ አቤቱታ ነበረ።

«ይግባኝ» የሚለውን ቃል ያነሣሁት በአጋጣሚ አይደለም። ዘሩ «ገባ» ነው። የሸፈተ ሰው ሲመለስም የሚባለው «ገባ» ነው። «ጫካ ገባ» ሲባል የገባበት ቦታ ይጠቀሳል፤ ያለ ቦታ ብቻውን «እገሌ ገባ» ከተባለ ግን ታርቆ፣ ምሕረት ጠይቆ ወደ ሥርዓቱ ተመለሰ ማለት ነው። «ሸፈተ» እና «ገባ» እንደ መውጣትና መግባት የተጣመሩ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሟላም። የመግባቱም ሥርዓት የታወቀ ነበረ። ሽማግሌ ይላካል፤ የነፍስ አባት ወይም የደብር ካህን መስቀል ይዞ ይቆማል፤ የምሕረቱ ቃል በመሐላ ይታሠራል፤ የሚገባውም ሰው በአንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ድንጋዩ የሽፍታ ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለዓፄ ዮሐንስ በልቼ ሲገብሩ በእግራቸው ሆነው ድንጋይ ተሸክመው እንደ ቀረቡ ይተረካል። ወዲያው ግን ድንጋዩ ወረደ፤ የሸዋ ንጉሥነታቸውም ጸና። ድንጋዩ ትልቅ ይሁን ትንሽ የሚከራከሩ አሉ፤ ለእኔ ቁም ነገሩ የሚወርድ ድንጋይ መሆኑ ነው።

የቃሉን የተሟላ ሕይወት በአንድ ሰው ላይ ማየት የሚፈልግ የቋራውን ካሣ ኃይሉን ይመልከት። የደምቢያ ገዢ የነበሩት ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ግዛቱ ወደ እቴጌ መነን፣ ማለትም ወደ ራስ ዓሊ እናት፣ እጅ ገባ። ካሣ የወረስኩት ይገባኛል የሚለውን አጣ፤ ወደ ቋራ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። ከዚያ የሆነውን በትምህርት ቤት «ሽፍታ ነበረ፣ ኋላ ንጉሥ ሆነ» ብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። በእውነቱ ግን አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ አልገባም። ሸፈተ፤ ታረቀና የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። እንደገና ሸፈተ፤ እቴጌ መነንን በጦርነት ማረካቸው፤ በድርድር ለቀቃቸው፤ የደጃዝማችነት ማዕርግና ግዛት አገኘ፤ ገባ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ በግብፆች መድፍ ፊት ተሸነፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ሸፈተ፤ ከዚህኛው ግን የተመለሰው ለመግባት ሳይሆን ለማስገባት ነበረ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ።

ልብ በሉ፤ በእያንዳንዱ መውጣትና መግባት የካሣ ዋጋ ይጨምር ነበረ። ሽፍትነት የድርድር ቋንቋ ነበረ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ በዚያ በር ገብቶ የነገሠው ሰው በሩን ለሌሎች ጠባብ አድርጎ መያዙ ነው። የዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን በእምቢታና በቅጣት የተሞላ ሆነ። በጎጃም ተድላ ጓሉ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በትግራይ ካሣ ምርጫ ሸፈቱ፤ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ከእነዚህ መካከል ጎበዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ካሣ ምርጫ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ተራ በተራ ነገሡ። በዚያ ዘመን የነበረ ገበሬ «ሽፍታ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወንጀለኛ ብቻ ሳይሆን የነገ ንጉሥ ሊሆን የሚችል ሰውም በዓይነ ኅሊናው ይታየው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ልጓም መያዝ ያስፈልጋል። ኤሪክ ሆብስባውም በ1959 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ከሀብታም ወስዶ ለድኻ የሚሰጥ፣ ገበሬው የሚወድደውና የሚሸሽገው «ማኅበራዊ ሽፍታ» የሚል አምሳል አቀረበ። ብዙ የእኛ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጽፉ ይህን አምሳል እንደ ቀሚስ አንሥተው ለአገራችን ሽፍታ ያለብሱታል። ልኩ አይደለም። ዶናልድ ክራሚና ቲሞቲ ፈርኒሆ በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ከታወቁት ሽፍቶች ብዙዎቹ መኳንንት ወይም የመኳንንት ወገን ነበሩ። የሚፈልጉትም ሥርዓቱ እንዲለወጥ ሳይሆን በሥርዓቱ ውስጥ የሚገባቸው ወንበር እንዲሰጣቸው ነበረ። ገበሬው በበኩሉ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበረ፤ ለሹሙ ግብር፣ ለሽፍታው ስንቅ። ሽፍታ አሳደርክ ተብሎ ሹሙ ይቀጣዋል፤ ጠቆምክ ብሎ ሽፍታው ይገድለዋል። በአውጫጭኝ ሥርዓት የመንደር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ያየኸውን አውጣ» እየተባለ ሲውል ሲያድር ዝም ማለቱ ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም፤ ፍርሀትም ነው። ስለ ሽፍታ የተገጠሙ ፉከራዎችና ቀረርቶዎች የሚነግሩን ስለ ጀግናው ነው፤ እህሏን የተወሰደባት እናት ብሶት ግን በእነርሱ ውስጥ አይሰማም። ስለዚህ ቃሉን አከብራለሁ ስል ቃሉ የሚጠራቸውን ሰዎች ሁሉ ማክበሬ አይደለም። የማከብረው ቃሉ ክፍት አድርጎ የሚተወውን ጥያቄ ነው።

ያንን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመዝጋት የሞከሩት ጣሊያኖች ናቸው ብዬ አምናለሁ። በኤርትራ ቃሉን ከትግርኛውና ከአማርኛው ወስደው በራሳቸው ፊደል ጻፉት፤ በመዝገባቸውም የወንጀለኛ ስም አደረጉት። የአከለ ጉዛዩ ባሕታ ሐጎስ በዓፄ ዮሐንስ ዘመን ሸፍቶ የነበረ፣ ከዚያም ለጣሊያኖች ገብቶ በእነርሱ የተሾመ ሰው ነበረ። የገበሬው መሬት ለጣሊያን ሰፋሪዎች ሲወሰድ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. በሹዋሚዎቹ ላይ ተነሣ፤ በዚያው ወር በሐላይ ተገደለ። ደጃዝማች ባሕታ በአሮጌው ሕግ መሠረት መንቀሳቀሱ ነበረ፤ ወጥቶ ገብቷል፣ ተበደልኩ ብሎ ደግሞ ወጥቷል። የቅኝ ገዢው መንግሥት ግን ሽማግሌ የሚላክበት፣ ድንጋይ የሚወርድበት ሥርዓት አልነበረውም።

በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ነገሩ ይበልጥ ጎላ። በአንድ ጫካ፣ በአንድ ጠመንጃ፣ አንድ ሰው ሁለት ስም ነበረው። ለጣሊያን ሹም ሽፍታ ነው፤ ለአገሬው አርበኛ ነው። ከአርበኞቹም አንዳንዶቹ ከወረራው በፊት በገዛ መንግሥታቸው ላይ ሸፍተው የነበሩ ናቸው። የጎጃሙን በላይ ዘለቀን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አባቱ በመንግሥት ሰዎች እጅ ከተገደለ በኋላ ደም ለመመለስ ሸፈተ፤ ጣሊያን ሲመጣ ያው ሽፍትነት አርበኝነት ሆነ። ከነጻነት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕርግ ቢሰጠውም ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ሳይስማማ ቀረ፤ ተዋጋ፣ ተያዘ፣ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ስለ በላይ ዘለቀ ፍትሕ ተጓደለ ወይስ አልተጓደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። በካሣ ኃይሉ ዘመን ቢሆን ኖሮ ያ ጠብ በሦስተኛ ዕርቅና በሰፋ ግዛት ሊያልቅ ይችል ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ የነበረው መንግሥት ግን ደመወዝተኛ ጦር፣ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ መደበኛ ፍርድ ቤት የያዘ መንግሥት ነው፤ የመውጣትና የመግባት ሒሳብ አይመቸውም። ማዕከላዊነት ሲጠነክር መግቢያው መጥበቡ የማይቀር ነበረ።

ሙሉ በሙሉ ግን ገና አልተዘጋም። ገብሩ ታረቀ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የገበሬ አመፆች በጻፈው መጽሐፍ ካጠናቸው ሦስት ንቅናቄዎች ሁለቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድሮውን በሁለት ቋንቋ ይናገር እንደ ነበረ ያሳያሉ። በባሌ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ዋቆ ጉቱና ጓዶቹ ለዓመታት ተዋጉ፤ መንግሥት «ሽፍቶች» እያለ በጦር ኃይል ዘመተባቸው። በ1962 ዓ.ም. ግን ዋቆ ጉቱ ለጄኔራል ጃገማ ኬሎ እጁን ሰጠ፤ ምሕረትም አገኘ። ጃገማ ኬሎ ራሳቸው በልጅነታቸው በጫካ የኖሩ አርበኛ ነበሩ፤ የሁለቱ መገናኘት ሳይታሰብበት የተደረገ አይመስለኝም። በጎጃም ደግሞ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ርስታችንን ሊለካብን ነው ያሉ ገበሬዎችን አስነሣ፤ ጦር ዘመተ፣ ከአየር ተደበደቡ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተሠረዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ጎጃም ሄዱ። «ምን አሸፈታቸው?» ለሚለው ጥያቄ መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን መልስ ሰጠ ማለት ነው። ያ መልስ ሹም መሻርን ይጨምር ነበረ።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት አማርኛ ተለወጠ። «ሽፍታ» ከመግለጫዎች እየጠፋ ሄደና «ወንበዴ»፣ «ገንጣይ»፣ «አስገንጣይ» ተተኩ። የዚያ ዘመን ልጆች የሆንን ሰዎች ሬዲዮው በቀን ስንት ጊዜ «ወንበዴ» ይል እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ቃሉ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። በአማርኛው ወንጌል ከክርስቶስ ግራና ቀኝ የተሰቀሉት ወንበዴዎች ናቸው፤ በርባንም ወንበዴ ነበረ። በወንጀል ሕጋችንም በኃይል የሚፈጸም ዝርፊያ «ውንብድና» ይባላል፤ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የ1996 ዓ.ም. ሕግ አንቀጽ 670ን ማየት ይቻላል። እንግዲህ የታጠቀን ተቃዋሚ «ወንበዴ» ብሎ መጥራት የፖለቲካ ጥያቄውን ወደ ዝርፊያ መዝገብ ማዛወር ነው። ወንበዴን «ምን አነበደህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚገርመው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ ከሁሉ ቀድሞ ገነት መግባቱን በየዓመቱ ትዘክራለች፤ የመንግሥት ቃል መራጮች ግን ያንን የታሪኩን ክፍል ሳይወስዱት ቀሩ።

አሁን ከአገራችን ውጭ ትንሽ ልወጣ። ቃሉ ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚያጣ ማየት በውስጡ ምን እንደ ነበረ ያሳየናልና። የተሻገረው በወታደርና በአስተዳዳሪ መዝገብ ነው። ብሪታንያ ኤርትራን ባስተዳደረችባቸው ዓመታት የመኰንኖቿ ሪፖርቶች ስለ ሽፍቶች በሚያወሩ ገጾች የተሞሉ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ግን የአካባቢው ልማድ ገና ኃይል ስለ ነበረው በ1951 እ.ኤ.አ. ምሕረት ታወጀ፤ ብዙዎችም ገቡ። ሐሚድ ኢድሪስ አዋቴ ከነዚህ አንዱ ነበረ። ከአሥር ዓመት በኋላ በነሐሴ 1953 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲወጣ ግን የኤርትራ የትጥቅ ትግል መነሻ ተደርጎ ተቈጠረ። ያው ሰው፣ ያው ምድር፤ ለአዲስ አበባ «ሽፍታ» ነው፣ ለተከታዮቹ የመጀመሪያው ተኳሽ ነው።

በደቡብ በኩል ደግሞ ቃሉ በድንበር ጠባቂዎች አፍ ወደ ሰሜን ኬንያ ወረደ። ኬንያ በታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. ነጻ በወጣች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል የሚሹ ሶማሌዎች በሚኖሩበት በሰሜን ምሥራቁ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀች። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የቆየው ውጊያ በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም «የሽፍታ ጦርነት» ተብሎ ይጠራል። ቃሉን የመረጠው የኬንያ መንግሥት ነው፤ ዓላማውም ደርግ «ወንበዴ» ሲል ከነበረው አይለይም፤ የመገንጠል ጥያቄ ሳይሆን ዝርፊያ ነው ለማለት ነው። ከአማርኛና ከትግርኛ የተወሰደው ስሙ ብቻ ነው፤ ግሡ አልተሻገረም። በስዋሂሊ «ሸፈተ» የለም፣ «አሸፈተ» የለም፣ «ገባ»ም አብሮት አልሄደም። ስም ብቻውን ሲቀር በሰው ላይ ይለጠፋል እንጂ አይወጣም አይገባም። ከብት አርቢዎቹ በጠባቂ ሥር ወደ ተከለሉ መንደሮች ተሰበሰቡ፤ ጦርነቱ በአሩሻ ስምምነት በ1967 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ በኋላም ቃሉ የኬንያ ሶማሌዎች መሰደቢያ ሆኖ ቀረ። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ደግሞ በዚያ ዘመን በክልሉ ለተፈጸመው በደል የጸጥታ አባላት እንዳይጠየቁ ከለላ ሰጠ። ምሕረት ተሰጠ ማለት ነው፤ ለአሳደደው እንጂ ለተሳደደው አይደለም።

ወደ እኛ ልመለስና ልጨርስ። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652 ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። በሁለቱም ሥር «ሽብርተኛ» የሚለው ስም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ የሚሰጥ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ስብሰባ ለሁለት ድርጅቶች ተሰጠ፤ ከሁለቱ ለአንደኛው ከሰላም ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. በዚያው ምክር ቤት ድምፅ ተነሣለት። ስለ ውሳኔዎቹ ትክክለኛነት እዚህ አልከራከርም፤ የፖለቲካ ሳይንስ ባልደረቦቼ በዚህ ከእኔ ይልቃሉ። የማስተውለው የቃሉን አሠራር ነው። አሁን ስምን የሚሰጠውም የሚያነሣውም አንድ አካል ነው፤ «ሽብርተኛ ነኝ» ብሎ ስለ ራሱ የሚናገር የለም፣ ጎረቤትም በዕለት ንግግሩ አይጠቀምበትም። «ምን አሸፈተው?» እንደሚባለው «ምን አሸበረው?» ብንል እንኳ ትርጉሙ ተገልብጦ «ምን አስደነገጠው?» ይሆንብናል።

የመመለሻውም ቃል ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚሽን «ተሃድሶ» የሚል ስም ይዟል፤ ትጥቅ ፈትተው የሚመለሱት ሰዎችም «የቀድሞ ተዋጊዎች» ይባላሉ። «የቀድሞ ተዋጊ» ከ«ወንበዴ» እጅግ የተሻለ መሆኑን አልክድም። «ተሃድሶ» ግን ከ«ገባ» ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ይጎድለዋል። «ገባ» ሲባል ባለቤቱ ራሱ የሸፈተው ሰው ነው፤ ሽማግሌ ልኮ፣ ቃል አስሮ፣ በእግሩ ሄዶ ይገባል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ምሕረቱን በመሐላ የሚያጸና፣ አንዳንዴም ያሸፈተውን ሹም የሚሽር ሰው መኖር አለበት። «ታደሰ» ሲባል የሚለወጠው አንዱ ወገን ብቻ ነው።